ምዕራፍ ስድስት፦ ውሃ የጐደለው ጣፋጭ

ስለ ዋግ ምድር የሚጽፍ ሰው ውሃን ባነሣ ቍጥር ቃሉ ወደ ሰቆቃ ማዘንበሉ የተለመደ ነው፤ ዝናሙ ዘግይቶ መግባቱን፣ ፈጥኖም መውጣቱን፣ ተከዜ በሸለቆው ሥር እየፈሰሰ ከበላዩ ያለው ደጋ ግን ተጠምቶ ማደሩን ሳይናገር አያልፍምና። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ የውሃ ማነስ ጕዳት መሆኑ ቀርቶ ጥበብ የሚሆንበትን አንድ ትንሽ ነገር አነሣለሁ፤ እርሱም ፈረንጆች ፈጅ የሚሉት፣ በማይክሮዌቭ ምድጃ በአራት ደቂቃ ሙቀት የሚሠራው የለውዝ ቅቤ ጣፋጭ ነው። አንባቢ «ሰቆጣንና ፈጅን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ፈገግ ቢል አልቀየመውም፤ እኔም በዋግ ምድር ባለችው በሰቆጣ ከተማ ውስጥ ይህን ጣፋጭ አበላሽቼ እስካፍር ድረስ ዝምድናቸውን አላወቅሁም ነበር።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ ሰው ለውዝ የሚለውን ቃል ሲሰማ በኅሊናው የምትመጣው በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈችው፣ በአንዲት ሌሊት ለምልማ፣ አብባና አፍርታ የተገኘችው የአሮን በትር ናት፤ ነገር ግን የአሮን በትር ያፈራችው ከዛፍ የሚለቀመውን ለውዝ ነው እንጂ በየመንገዱ ዳር በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጥልንን አይደለም። ይህ የገበያው ለውዝ ኦቾሎኒ የሚባል ሌላ ስም አለው፤ በባሕርዩም ከባቄላና ከአተር፣ ከሽምብራና ከምስር ወገን ነው። ጥንተ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፖርቱጋሎች መርከብ እንደ ሆነ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። አበቃቀሉ ደግሞ ከእህል ሁሉ ይለያል፤ አበባው ከምድር በላይ ይፈነዳል፣ ከጸነሰ በኋላ ግን ከሥሩ ቀጭን ዘንግ አውጥቶ ራሱን ወደ አፈር ይቀብራል፣ ፍሬውም በጨለማ ውስጥ ይጐለምሳል። ስለዚህም ዘንጉ በቀላሉ ሊወጋው የሚችለውን ልልና አሸዋማ መሬት ይወድዳል፤ በአገራችን በለውዝ ስሙ የተጠራው በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የባቢሌ ምድር እንዲህ ያለ ነው።

ከዚህ ፍሬ ክብደት ግማሽ የሚያህለው ዘይት፣ ሩብ የሚያህለው ደግሞ ሥጋ የሚገነባው ፕሮቲን ነው። ውሃው ግን ጥቂት ነው፤ ሲቈላም ያችው ጥቂቷ ከሞላ ጐደል ትጠፋለች። ነገራችን ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ የቆመ ስለ ሆነ አንባቢ በልቡ እንዲያኖራት አደራ እላለሁ።

ለውዝን ወደ ቅቤነት ማድረስ ማሽን የግድ የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም። ፍሬው በምጣድ ላይ፣ እሳቱ ለስለስ ብሎ፣ እየተማሰለ ይቈላል፤ ቅርፊቱ በመዳፍ ታሽቶ በሰፌድ ይነፈሳል፤ ከዚያም በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ ይወቀጣል። በመጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶ ዱቄቱ እርስ በርሱ መያያዝና ከዘነዘናው ጋር መጣበቅ ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የተበላሸበት መስሎት ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ ይህም ከስሕተት ሁሉ የከፋው ነው፤ ለጥፉ ወዲያው ተቈጥሮ እንደ ጭቃ ይጠነክራልና። መታገሥ ብቻ ነው የሚገባው፤ ፍሬው ሲደቅቅ በውስጡ የታጐረው ዘይት ቀስ በቀስ ይለቀቃል፣ የሙቀጫውም ከንፈር ማብረቅረቅ ይጀምራል። በሰቆጣ የተቀበሉኝ የወዳጄ እናት ይህችን ሰዓት ሲያዩ «አሁን አላበው» አሉ፤ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አልሰማሁም።

ከመቍላቱ በፊት ግን መልቀሙ አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በድንገት አለቁ፤ ሊቃውንቱ ምክንያቱን ቢመረምሩ፣ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ላይ የበቀለ ሻጋታ ያመነጨው መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙንም አፍላቶክሲን አሉት። ይህ መርዝ የሰውንም ጕበት ይጐዳል፣ በመቍላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሻጋታው መሬት ላይ ያለውን ፍሬ የሚያጠቃው ሰብሉ ለመድረስ ሲቃረብ ድርቅ ሲመታው ነው፤ ጐተራ የገባውን ደግሞ የሚያጠቃው እርጥበት ሲያገኘው ነው። ስለዚህ የጨመደደውን፣ የጠቈረውንና ሻጋታ የነካውን ፍሬ ለቅሞ መጣል የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የጤና ሥርዓት ነው።

ወደ ጣፋጩ እንመለስ። ፈጅ የአሜሪካ ሰዎች ሥራ ሲሆን፣ ስሙን በስፋት ያስነሡት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የነበሩ የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዲቱ፣ የቫሳር ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ኤምሊን ሃርትሪጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ለኮሌጁ ጨረታ 30 ፓውንድ ያህል ፈጅ መሥራትዋን በደብዳቤዋ ጽፋለች። የቀድሞው አሠራር ስኳርን በወተት አሟሙቶ በእሳት ላይ ማፍላት፣ ውሃው ሲተንና ድስቱ ሲወፍር አውርዶ ሳይነኩ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም በብርቱ መምታት ነው። ምሥጢሩ በስኳሩ ቅንጣት ላይ ነው፤ በፈላው ድስት ውስጥ ስኳሩ ሟሙቶ ጠፍቷል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ውሃው ሁሉንም ሊሸከም ስለማይችል ስኳሩ ተመልሶ ቅንጣት መሆን ይሻል። ትኵስ ሳለ የነካኩት እንደ ሆነ ጥቂትና ታላላቅ ቅንጣቶች ተፈጥረው ጣፋጩ በአፍ ውስጥ እንደ አሸዋ ይንኰሻኰሻል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የመቱት እንደ ሆነ ግን ምላስ ሊለያቸው የማይችል እልፍ አእላፋት ደቂቃን ቅንጣቶች ይወለዱና ጣፋጩ እንደ ሐር ይለሰልሳል።

የማር አገር የሆነው የዋግ ሰው ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ከክረምት መውጫ በኋላ መንተሴ ሲያብብ ንቦቹ የሚሰበስቡት ነጭ ማር፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ረግቶ እንደ ቅቤ በማንኪያ የሚቈረጥ ይሆናል፤ የሚረጋውም በውስጡ ካሉት ስኳሮች አንዱ፣ ግሉኮስ የሚባለው፣ እንዲሁ ወደ ደቃቅ ቅንጣት ስለሚመለስ ነው። ማር የረጋው ስኳር ተቀላቅሎበት ነው እያሉ የሚያሙ የከተማ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ንጹሕ ነጋዴ ከሐሜት ይድን ነበር።

አሁን ውድቀቴን ልናዘዝ። በሰቆጣ በወዳጄ ቤት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የምግብ መጽሐፍ ገልጬ፣ ስኳሩንና ወተቱን በከሰል ምድጃ ላይ አድርጌ፣ የሙቀት መለኪያው መጽሐፉ ያዘዘውን 114 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪያሳይ በትዕግሥት ጠበቅሁ፤ አወረድሁ፣ አቀዘቀዝሁ፣ መታሁ፣ ለውዙንም ጨመርሁ። በቢላዋ ልቈርጠው ብል ቢላዋው ጮኸ። የወዳጄ እናት አንዲት ስባሪ ወደ አፋቸው አድርገው ጥቂት ካላመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼስ አሞሌ ነው፤ ጨውነቱን ብቻ ነው የረሳኸው» አሉኝ። ነገሩ በሰቆጣ ሲነገር ክብደት አለው፤ ከአፋር ዝቅታ በቅፍለት የሚመጣው አሞሌ ጨው ከዋና ገበያዎቹ አንዱ የነበረው በዚያ ነውና።

ጥፋቱ ከወዴት መጣ? መለኪያው ልክ ነበር፤ መጽሐፉም ልክ ነበር፤ መጽሐፉ የተጻፈው ግን ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ሳይል ለሚኖር ሰው ነበር። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች በላይዋ የተጫነው አየር ቀላል ነው፤ አየሩ ሲቀልል ደግሞ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ለማምለጥ ብዙ ሙቀት አይጠይቅም፤ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በሰቆጣ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል የሚዘገዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድስቱ ይንተከተካል እንጂ የቆላውን ያህል አይሞቅም። በስኳር ድስት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚፈላው የስኳር ውሃ ሙቀት በድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደ ቀረ ይነግረናል፤ በባሕር ጠረፍ 114 ዲግሪ ማለት ለፈጅ የሚበቃ ውሃ ቀርቷል ማለት ሲሆን፣ በሰቆጣ ግን ያው የውሃ መጠን የሚገኘው በ107 ዲግሪ ነው። እኔ 114 እስኪሆን ስጠብቅ ሰባት ዲግሪ አሳልፌ፣ ሊቀር የሚገባውን ውሃ አባርሬ፣ ፈጅ ሊሆን የነበረውን ደረቅ ከረሜላ አድርጌዋለሁ። በውሃ እጦት በሚታወቅ አገር ውሃን ያለ አግባብ ማባከን ይሉሃል ይህ ነው።

የማይክሮዌቩ አሠራር ለደጋ ሰው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን መሣሪያውን ማወቅ ይገባል። እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሬይቲዮን በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የራዳር ሞገድ አመንጪ ሲመረምር የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር በኪሱ የያዘው ለውዝ ያለበት ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋለ፤ ስለዚህ ምድጃው ገና ከመወለዱ ከለውዝ ጋር ዝምድና ነበረው ማለት ነው። ሞገዱ በአንዲት ሴኮንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል። የውሃ ቅንጣት አንደኛው ጐኗ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላላት ሞገዱ በዞረ ቍጥር አብራው ለመዞር ትታገላለች፤ በማኅሌት ጊዜ የካህናቱ መቋሚያ ሁሉ በአንድነት ወዲህና ወዲያ እንደሚዘነበል፣ በቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ እንዲሁ ይወዛወዛል፣ ከዚያም መተሻሸት ሙቀት ይወለዳል። ውሃ ያጣው ዘይትና የለውዝ ለጥፍ ግን ለሞገዱ ዳተኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሳህኑ አንድ ወገን ሲፈላ ሌላው ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ መካከል ላይ አውጥቶ ማማሰል የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። 225 ግራም ቅመም ያልገባበት የገበታ ቅቤና 250 ግራም የለውዝ ቅቤ በመስተዋት ጐድጓዳ ሳህን ውስጥ ይደረጋሉ፤ ብረት ያለበት ሳህን ወደ ማይክሮዌቭ አይገባም። ሳህኑ እንፋሎት ማስተንፈሻ እንዲኖረው ተደርጎ ሳሳ ባለ ክዳን ይሸፈንና በከፍተኛ ኃይል ሁለት ደቂቃ ይሞቃል፤ ወጥቶ ይማሰላል፤ እንደ ገና ሁለት ደቂቃ ይሞቃል። ሲወጣ የሚያቃጥል ስለ ሆነ እጅ በጨርቅ ይጠበቅ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ በመጨረሻም 450 ግራም በወንፊት የተነፋ የስኳር ዱቄት ይጨመርና ማብረቅረቁ ጠፍቶ እስኪከብድ ድረስ በእንጨት ማንኪያ ይታሻል። ወረቀት በተነጠፈበት፣ በየጐኑ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዝርግ ዕቃ ላይ ተጠቅጥቆ በማቀዝቀዣ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያም በትንንሹ ይቈረጣል። የስኳር ዱቄት ከገበያ ቢታጣ ተራውን ስኳር በቡና መፍጫ አድቅቆ ደጋግሞ መንፋት ነው። በቤት የተወቀጠ ለውዝ ከሆነ በላዩ የተንሳፈፈው ዘይት አስቀድሞ ይቀነስለት፤ አለዚያ ጣፋጩ ይወዛል።

በዚህ አሠራር የሙቀት መለኪያ ስም እንኳ አልተነሣም። የገበታ ቅቤ ከመቶው 16 እጅ ያህል ውሃ ስላለው በ225 ግራሙ ውስጥ የሚገኘው ውሃ 36 ግራም ብቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ በቤት ውስጥ ሙቀት ሊያሟሟ የሚችለው የራሱን ክብደት እጥፍ የሚያህል ስኳር ነው፤ ስለዚህ ከ450 ግራሙ ስኳር 72 ግራም ገደማው ብቻ ይሟሟል፣ የቀረው ወፍጮው እንዳደቀቀው ዱቄት ሆኖ ይኖራል። በድስት በእሳትና በክንድ ብርታት የሚወለዱት ደቃቅ ቅንጣቶች እዚህ አስቀድመው በወፍጮ ተዘጋጅተዋል፤ የሟሟችው ጥቂት ስኳር እንደ ጭቃ፣ ቅንጣቶቹ እንደ ድንጋይ፣ ቅቤው እንደ ልስን ሆነው ጣፋጩን ያቆሙታል። ሁሉም ተቀላቀለ እንጂ አንዱም ባሕርዩን አልለወጠም። መፍላት የሚባል ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ ፍርድ ስለማይሰጥ የሰቆጣ ከፍታም አያሰናክለውም።

የገበታ ቅቤ ባይገኝ ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ይሆናል፤ ንጥር ቅቤ ግን ውሃው በእሳት ወጥቶለት ያለቀ ስለ ሆነ ዱቄቱን የሚያያይዝ አያገኝምና ሁለት ማንኪያ ወተት ይጨመርለት። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም፤ ሳህኑን በፈላ ውሃ ድስት አፍ ላይ አኑሮ ቅቤውንና ለውዙን ማቅለጥ ይቻላል። የዋግን ማር ለመጨመር የሚሻ ሰው ግን ከአንድ ማንኪያ አይለፍ፤ ማር ከመቶው 17 ወይም 18 እጅ ውሃ ይዞ ይገባል፣ ስኳሩንም እንዳይረጋ ይከለክላል፣ ጣፋጩም ሳይቆም ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ እናት ባስረዳኋቸው ጊዜ «ታዲያ ጭኮ ነዋ!» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ገብስ ተቈልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በንጥር ቅቤ ተለውሶ የሚሠራው ጭኮ፣ ለመንገደኛ የተመቸ ስንቅ የሆነው ውሃ ስለሌለው ነው። ቋንጣውም፣ ማሩም፣ አሞሌውም በዚሁ ሕግ ይኖራሉ፤ ሻጋታና ተሐዋስያን የሚጠጡት ውሃ ሲያጡ አይባዙም። ፈጅ ለዚህ ቤተ ሰብ የሩቅ ዘመድ ነው።

ከዘመዶቹ ሁሉ ግን ዋግ በይበልጥ የምታውቀው አንድ ሌላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሬ ብሪያንድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆነው ፕላምፒ ነት የተባለውን ምግብ አወጡ፤ የለውዝ ለጥፍ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ ቪታሚንና ማዕድን ነው፤ በማይክሮዌቭ ከሠራነው ጋር ሲተያይ እጅግ የቀረበ ወንድም ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲመዝን 500 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል። ከዚያ በፊት በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጐዳ ሕፃን የሚታከመው በንጹሕ ውሃ በሚበጠበጥ ወተት ስለ ነበር፣ እናት ሌሎች ልጆችዋንና ቤትዋን ጥላ በሕክምና ጣቢያ ለሳምንታት መተኛት ነበረባት፤ ውሃው ንጹሕ ያልሆነ እንደ ሆነም መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ያመጣ ነበር። ለጥፉ ግን ዘይቱ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት እንደ ካባ ስለሚሸፍነው፣ ውሃም ስለማይገባበት፣ ያለ እሳትና ያለ ብጥበጣ በቤት ይበላል፣ ሁለት ዓመትም ሳይበላሽ ይቀመጣል። ሕክምናውን ከሕክምና ጣቢያ ወደ ቤት ለማውጣት ቀደም ብሎ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ዛሬም ይህ ምግብ በአዲስ አበባ አጠገብ በለገጣፎ ሂሊና በሚባለው ፋብሪካ ይሠራል። የ1977ቱን ረኀብ ያየች ሰቆጣ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ለገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስምዋን የሰጠችው በከንቱ አይደለም።

ይሁንና በቤት የሠራነው ጣፋጭ መድኃኒት አይደለም። ልጅዋ የከሳባት ወይም እግሩ ያበጠባት እናት ወደ ጤና ኬላ ትሂድ እንጂ በፈጅ አትዘናጋ። ማር ያለበት ነገር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለውዝም ሰውነቱ ለማይቀበለው ሰው አደጋ ነው።

ለቀረነው፣ በቡና ሰዓት ከፈንዲሻው ጐን አንዲት ቁራሽ ብናኖር ክፋት የለውም። በእሳት ማፍላትን የሚመርጥ የደጋ ሰው ግን አስቀድሞ ንጹሕ ውሃ ያፍላና መለኪያው ስንት እንደሚል ያንብብ፤ ከ100 የጐደለውን ያህል ከመጽሐፉ ቍጥር ይቀንስ። በሰቆጣ የሚቀነሰው ሰባት ነው።